የወረቀቱ ገጽ የማን ነው?

ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ የሚጻፍ ሂስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከምስሉ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ምን አየ? ከየት ቆሞ አየ? ብርሃኑ በየት በኩል መጣ? ተብሎ ይጠየቃል። ምስሉ ያረፈበት ወረቀት ግን እንደ ምስማሩና እንደ ፍሬሙ ሁሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። ይህ ልማድ ስሕተት መሆኑን ከሐያስያን ይልቅ አጥብቆ የሚያውቀው በመኖሪያ ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል አጨልሞ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ በእጁ የሚያጥብ ሰው ነው። ለእርሱ የወረቀቱ ገጽ አንጸባራቂ መሆኑና አለመሆኑ የሥራው ግማሽ ነው። ዛሬ ይህን ግማሽ የሚወስንለት ሌላ ሆኗል።

«ማጠብ» የሚለው ቃል ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። አማርኛ የፎቶግራፍን ሥራ የሰየመው በካሜራው ወይም በብርሃኑ ሳይሆን በውሃው ነው። ቃሉ ሳሕኑን፣ የረጠበውን እጅ፣ ከውሃ ወጥቶ የተሰቀለውን ወረቀት ይዞ ቀርቷል፤ ከኮምፒዩተር ማተሚያ የሚወጣ ምስል እንኳ ዛሬም «ታጠበ» ይባላል። ውሃው ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከቃልነት ያለፈ ትርጉም አለው። ማንኛውም የፎቶግራፍ ወረቀት፣ ገጹ ለስላሳም ይሁን ሸካራ፣ በውሃ ውስጥ ሳለ ያንጸባርቃል። ጥቁሩ ጥልቅ፣ ቀዩ የጋለ ሆኖ ይታያል። አጣቢው ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ በብርሃን የሚያየው በዚህ ሁኔታ ነው። ወረቀቱ ሲደርቅ ግን ገጹ ሸካራ የሆነው ያን ጥልቀት ያጣል። በውሃ ውስጥ የታየው ምስልና በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምስል አንድ አይሆኑም። አንጸባራቂ ወረቀት ፍለጋ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዚህች የማድረቂያ ገመድ ሥር ነው።

ሁኔታው በተጨባጭ ሲታይ እንዲህ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ባለ ቀለም ፎቶግራፍ በቤታቸው የሚያጥቡ ሰዎች ቁጥራቸው ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ቢመነምንም ጨርሶ አልጠፋም። የፎቶግራፍ ማጉያ መሣሪያ አላቸው፤ የቀለሙን ሚዛን የሚያስተካክሉበት ቢጫና ማጀንታ ማጣሪያ አላቸው፤ ኬሚካሉን በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚይዙበት መላም አያጡም። «አር ኤ 4» የተባለው የማጠቢያ ስልት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1980ዎቹ አጋማሽ ከወጣ ወዲህ ሥራው ቀልሏል። ከእርሱ በፊት የነበረው ስልት በዴቨሎፐሩ ውስጥ ብቻ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይወስድ ነበር፤ ለአዲሱ 45 ሴኮንድ ይበቃዋል። እንግዲህ ዕውቀቱም፣ መሣሪያውም፣ ኬሚካሉም አለ። የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው፤ ይበልጥ በተስተካከለ አነጋገር፣ የተፈለገው ገጽ ያለው ወረቀት ነው።

ባለ ቀለም የፎቶግራፍ ወረቀት የሚሠሩ ፋብሪካዎች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የጀርመኑ አግፋፎቶ በ2005 ከሰረ። ኮዳክ በዚያው ዓመት የጥቁርና ነጭ ወረቀት ማምረቱን ሲያቆም ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ብዙዎች ገምተው ነበር። የቀሩት ፋብሪካዎች በመጀመሪያ ደረጃ የሚያመርቱት ለትልልቅ ማጠቢያ ቤቶች ነው። እነዚህ ቤቶች ወረቀቱን የሚገዙት በጥቅል ነው፤ ምስሉን የሚያሳርፉበትም በማጉያ መሣሪያ ሳይሆን በሌዘር ጨረር ነው። ወረቀቱም ለዚሁ ጨረር ተብሎ የተቀመረ ነው። ተቆራርጦ ብርሃን በማያስገባ ከረጢት የሚሸጠው ወረቀት ከዚህ ማዕድ የሚተርፍ ፍርፋሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፍርፋሪውም ሲደርስ በገጽ ተመርጦ ነው። የሠርግ አልበም የሚያዘጋጅ ስቱዲዮ ሐር መሰል ወይም አሸዋ መሰል ገጽ ይመርጣል፤ የጣት አሻራ አያሳይም፣ ጭረት ይሸሽጋል፣ በአልበም ውስጥ ገጽ ከገጽ አይጣበቅም። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ዛሬ በቤት አጣቢዎች እጅ በብዛት የሚታየው የጃፓኑ ፉጂ «ክሪስታል አርካይቭ» በሁለቱም ገጽ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ሱቁ በመደርደሪያው የሚያኖረው ቶሎ የሚሸጥለትን ነው። በዚህ መካከል አዲስ ጀማሪው ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። «አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓኮ በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ሞልቷል። ይህ ግን ለኮምፒዩተር ማተሚያ የተሠራ ነው፤ ብርሃን የሚያውቅ የብር ጨው በላዩ የለም። በጨለማ ክፍል ውስጥ ቢጥለቀለቅ ውሎ ቢያድር ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ስሙን ወርሶ ግብሩን ያልወረሰ ወረቀት ነው።

አንጸባራቂው ገጽ ለምን ይፈለጋል? ጥያቄው የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያነጋግርም ነበር። ባለ ቀለም ወረቀት በላዩ ሦስት ቀለም ፈጣሪ ንጣፎች አሉት፤ ከታች ቢጫ፣ በመካከል ማጀንታ፣ ከላይ ሳያን የሚባለው ውሃ ሰማያዊ። ብርሃን በእነዚህ ውስጥ ገብቶ፣ ከነጩ መሠረት ላይ ነጥሮ፣ እንደገና በእነርሱ አልፎ ወደ ዓይን ይመጣል። ቀለሙን ሁለት ጊዜ ይሻገረዋል ማለት ነው። ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከላይኛው ቆዳ ወዲያው የሚመለስ ብርሃንም አለ፤ መጠኑ ከመቶ 4 ገደማ ነው። ይህ ብርሃን ምስሉን አያውቀውም። ቀለም አልቀሰመም፤ እንደመጣ ነጭ ሆኖ ይመለሳል። ገጹ ለስላሳ ከሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚመለስ ተመልካቹ ጥቂት ፈቀቅ ሲል ያመልጠዋል። ገጹ ሸካራ ከሆነ ግን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ከየትም ቢቆሙ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ በጥቁሩም ላይ እንደ ጭጋግ ይተኛል። ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ ቢበተን ጥቁሩ ከሚያርፍበት ብርሃን ከሃያ አምስት አንድ እጅ በታች ሊጨልም አይችልም። በመልካም አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ያለ ጥቁር ከሁለት መቶ አንድ እጅ ድረስ ይወርዳል። የጭጋጉ ጉዳት በጥቁሩ ብቻ አይወሰንም። ጥቁር ቀይ፣ የጥላ ውስጥ አረንጓዴ፣ የማታ ሰማይ ሰማያዊ፣ እነዚህ ሁሉ ነጭ ሲቀላቀልባቸው ይገረጣሉ። ፎቶግራፍ አንሺው በጥላ ውስጥ ያስቀመጠው ነገር ካለ ይዘቱ ራሱ ተነካ ማለት ነው። ቅርፅና ይዘት ተለያይተው አይታዩም የሚባለው አባባል በዚህ ሥፍራ በሚለካ ብርሃን ይረጋገጣል።

ይህን ውሳኔ ከአጣቢው እጅ የወሰደው ማን ነው? እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ የፎቶግራፍ ወረቀት ውሃ የሚጠጣ፣ እንደ ጨርቅ የሚርስ እውነተኛ ወረቀት ነበር። ታጥቦ ከወጣ በኋላ አጣቢው ሁለት መንገድ ነበረው። ለማንጸባረቅ የተሠራውን ወረቀት በአየር ላይ ቢያደርቀው ገጹ ለዘብ ያለ ይሆናል። ፊቱን በተወለወለ የክሮም ሳሕን ላይ ለጥፎ በሙቀት ቢያደርቀው ደግሞ ጄላቲኑ የሳሕኑን ልስላሴ ይቀዳና እንደ መስተዋት ያበራል፤ ሲደርቅም በራሱ ጠሽ ጠሽ እያለ ይላቀቃል። አንዱ ወረቀት ለሁለት ገጽ ያገለግል ነበር። ሳሕኑ ቆሽሾ ከሆነ በምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይቀራል፤ አየር ከገባበት ያልበራ ቦታ ይታያል። ሥራው አሰልቺ ነበር፣ ብዙ ወረቀትም አበላሽቷል። ቢሆንም ውሳኔው የአጣቢው ነበር፤ እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ሐሳቡን መለወጥ ይችል ነበር።

በ1968 ኮዳክ በሁለቱም ፊት በፕላስቲክ የተለበጠ ባለ ቀለም ወረቀት ለገበያ አቀረበ። ሌሎቹም ተከተሉ። ጥቅሙ አሌ አይባልም። ፕላስቲኩ ኬሚካልና ውሃ ወደ ወረቀቱ እንዳይዘልቅ ስለሚከለክል ረዥሙ እጥበት ወደ ጥቂት ደቂቃዎች አጠረ፤ ወረቀቱ መጠቅለሉንና መሸብሸቡን ተወ። የቤት ጨለማ ክፍልም ለብዙ ሰው የተዳረሰው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ገጹ የሚወሰነው በፋብሪካ ነው። ፕላስቲኩ ቀልጦ በወረቀቱ ላይ ሲፈስ በቀዝቃዛ የብረት ሮለር ይጫናል። ሮለሩ የተወለወለ እንደሆነ ወረቀቱ ያበራል፤ የሐር ወይም የአሸዋ መልክ የተቀረጸበት እንደሆነ ያንኑ ይቀዳል። የክሮሙ ሳሕን ከአጣቢው ጠረጴዛ ተነሥቶ ፋብሪካ ገባ ማለት ነው። ሐር መሰል ሆኖ የተወለደ ወረቀት በምንም መንገድ አንጸባራቂ ሊሆን አይችልም። ቫርኒሽ የሚነፉበት አሉ፤ ቫርኒሹ ጉብታውንና ጎድጓዳውን ተከትሎ ስለሚተኛ ሸካራነቱ እንዳለ ይቀራል፣ በላዩ ላይ ለመብረቅረቅ ይሞክራል። ውጤቱ ከሁለቱም የከፋ ነው። በጋለ ሳሕን ላይ ሊለጥፉት የሞከሩም ፕላስቲኩ ቀልጦባቸዋል።

የብራና ሠራተኛውን ሥራ ለሚያውቅ አንባቢ የዚህ ነገር ክብደት ቶሎ ይገባዋል። ቆዳውን ወጥሮ፣ ፍቆ፣ በድንጋይ አለስልሶ የጽሕፈት ገጽ የሚያደርገው ያው ባለሙያ ነው። ፀጉሩ በነበረበት ወገንና ሥጋው በነበረበት ወገን መካከል ያለውን ልዩነት በጣቱ ያውቃል። ብዕሩ የት እንደሚንሸራተት፣ ቀለሙ የት እንደሚሠርግ ከመጻፉ በፊት ተረድቶታል። ገጹ ለእርሱ ከመደብር የሚገዛ ዕቃ ሳይሆን የሥራው መጀመሪያ ነው።

የወረቀት መጥፋት በኪነ ጥበብ ሥራ ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማየት አሜሪካዊው ዊልያም ኤግልስተን በ1973 በሚሲሲፒ ግሪንዉድ ከተማ ያነሣው የቀይ ጣሪያ ፎቶግራፍ ጥሩ ማስረጃ ነው። በምስሉ ውስጥ የሚታየው ነገር ጥቂት ነው፤ በቀይ የተቀባ ጣሪያ፣ አንድ ራቁት አምፖል፣ ወደ እርሱ የሚሳቡ ነጭ ሽቦዎች። አንድ ሰው ታሪኩን ልናገር ቢል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅበታል። ሥራው የቆመው በቀዩ ነው። ኤግልስተን ያተመው ሦስቱ ቀለሞች አንድ በአንድ በጄላቲን ወረቀት ላይ በሚተላለፉበት፣ «ዳይ ትራንስፈር» በሚባለው ውድና አድካሚ ስልት ነበር። በ1976 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹ ሲታዩ ብዙ ሐያስያን ነቅፈውት ነበር፤ ከነቃፊዎቹ አብዛኞቹ የተናገሩት ስለ ተራው ርዕሰ ጉዳዩ ነው። ቀዩ ከወረቀቱ ተነሥቶ ወደ ተመልካቹ የሚመጣበትን ኃይል ግን ርዕሰ ጉዳዩ ብቻ አያስረዳውም። ኮዳክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ስልት የሚያስፈልገውን ዕቃ ማምረቱን አቆመ። አንዳንድ የእጅ ባለሙያዎች የቀረውን ክምችት ገዝተው አስቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ የሠሩት ሁሉ ከጎተራ እየተቀነሰ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ለቤት አጣቢው ይበልጥ ይቀርባል። ሲባክሮም በ1963 በስዊስ ኩባንያ ለገበያ የቀረበ፣ ኋላም ኢልፎክሮም የተባለ ወረቀት ነበር። ከስላይድ በቀጥታ ይታጠባል። መሠረቱ ወረቀት ሳይሆን ፖሊስተር በመሆኑ አንጸባራቂነቱ እንደ ጸጥተኛ ውሃ ነበር፤ እስከ ዛሬ የተካከለው የለም። ማጥሪያው ጠንካራ አሲድ ስለነበር አፍንጫ ይቆነጥጣል፤ እንዲያም ሆኖ በ1970ዎቹ በርካታ ሰዎች በቤታቸው ሠርተውበታል። በኦሬገን የሚኖረው የተፈጥሮ ፎቶግራፍ አንሺ ክሪስቶፈር በርኬት ሥራውን ሁሉ በዚህ ወረቀት ላይ በራሱ እጅ ሲያጥብ የኖረ ነው። በ2011 የመጨረሻው ምርት መቃረቡ ሲሰማ በማቀዝቀዣ አከማችቶ ከዚያ እየቀነሰ ቀጠለ፤ የስዊሱ ፋብሪካም በ2013 ከሰረ። የበርኬትን የበልግ ደኖች ፊት ለፊት ያየ ሰው በጥላ ውስጥ ያለች እያንዳንዷን ቅጠል ሲለይ ይደነቃል። እዚህ ላይ ግን ሂስ ማሞገሱን ብቻ ሊናገር አይገባም። ከእነዚህ ደኖች ጥቂት የማይባሉት ከመጠን በላይ ያማሩ ናቸው። የወረቀቱ ብርሃን ለቅጠሉ ክብር ሲሰጥ ቆይቶ ቅጠሉን ጌጥ ያደርገዋል። ዓይን የሚያርፍበት፣ ተራ የሆነ፣ ያልበራ ነገር ይናፍቃል። አንጸባራቂ ወረቀት ያለውን ያጎላል እንጂ የጎደለውን አይሞላም፤ በርኬት ራሱ እጅግ ጥሩ የሚሆነው በደመናማ ቀን፣ ቀለሙ ሲቆጠብ ነው።

ሦስተኛው ሠዓሊ ወረቀቱን ራሱን ርዕሰ ጉዳይ ያደረገ ነው። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቲልማንስ በ2001 በጀመረው «የወረቀት ጠብታ» በተባለው ተከታታይ ሥራው አንድ አንጸባራቂ የፎቶግራፍ ወረቀት ታጥፎ ጫፍና ጫፉ ሲገናኝ፣ በጎኑ ሲታይ እንደ ውሃ ጠብታ ሲሆን አንሥቶታል። ሌላ ነገር በምስሉ የለም። በወረቀቱ ጀርባ ላይ ብርሃን ይንሸራተታል፤ በውስጡ የራሱ ገጽ በራሱ ላይ ነጥሮ ይታያል። ወረቀቱ ሸካራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ ባልኖረም ነበር፤ የሚታየው ሁሉ ከላይኛው ቆዳ የሚመለሰው ያ 4 በመቶ ብርሃን ነውና። ሌላው የፎቶግራፍ አንሺ ወገን እንደ ጠላት የሚሸሸውን ነጸብራቅ ቲልማንስ ባለ ጉዳይ አድርጎ መሃል አቁሞታል። ሥራው የተራቀቀ ቢመስልም መነሻው ተራ ነው። የተበላሸ ወረቀት ወደ ቆሻሻ ከመጣሉ በፊት በእጁ ጠቅልሎ ያየ አጣቢ ሁሉ ይህን ጠብታ ያውቀዋል።

የቲልማንስ ሥራዎች ለኢትዮጵያ ተመልካች ባዕድ አይደሉም። «ፍራጃይል» የተባለው፣ በበርካታ የአፍሪካ ከተሞች የተዘዋወረው ኤግዚቢሽኑ በ2019 በአዲስ አበባ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ታይቷል። ቲልማንስ ምስሎቹን ብዙ ጊዜ ያለ ፍሬምና ያለ መስተዋት በግድግዳ ላይ በቴፕና በመያዣ የሚሰቅል ሠዓሊ ነው። ይህ አሰቃቀል የሚያስከትለው ነገር አለ። በመሃል መስተዋት ሳይኖር ተመልካቹ የሚያገኘው ወረቀቱን ራሱን ነው፤ ማዕዘኑ ሲነሣ፣ ነፋስ ሲነካው፣ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት ያያል። ፎቶግራፍ ዕቃም መሆኑን እንዲህ ካለ አሰቃቀል የበለጠ የሚያስተምር ንግግር የለም።

አንጸባራቂ ገጽን የሚነቅፉ ብዙ ናቸው፤ ነቀፋቸውም ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው ወገን ማንጸባረቅ የፖስትካርድና የማስታወቂያ ጠባይ ነው፤ ጥበብ የሆነ ፎቶግራፍ እንደ ሥዕል ወረቀት ለዘብ ያለ ገጽ ይገባዋል ይላል። ይህ አስተያየት ታሪክን በግማሹ ያነበበ ነው። ፎቶግራፍን ሥዕል ለማስመሰል የተደረገው ጥረት አንዴ ተሞክሮ ያለፈ ሲሆን፣ ሥዕል በሚያስመስለው ገጽ ላይ የጠፋው ደግሞ የፎቶግራፍ የራሱ ኃይል የሆነው ዝርዝርና የጥላ ጥልቀት ነበር። የሚያስገርመው፣ አንጸባራቂ ወረቀትን በንቀት የሚያዩ አንዳንድ ጋለሪዎች በ1969 በጄኔቭ በተፈለሰፈው «ዲያሴክ» በተባለው ስልት ግዙፍ ፎቶግራፎችን በወፍራም አክሪሊክ ላይ ለጥፈው ይሰቅላሉ። አንድሬያስ ጉርስኪና ቶማስ ሩፍ በዚህ የታወቁ ናቸው። አክሪሊኩ ከየትኛውም ወረቀት ይበልጥ ያንጸባርቃል። ማንጸባረቁ ከወረቀቱ ሲመጣ ርካሽ፣ በብዙ ገንዘብ ሲገዛ ግን ክቡር ሆነ እንደማለት ነው።

የሁለተኛው ወገን ነቀፋ ግን እውነት አለው። አንጸባራቂ ፎቶግራፍ ከመስኮት ፊት ለፊት ሲሰቀል ተመልካቹ የሚያየው የራሱን ፊትና የመስኮቱን አራት ማዕዘን ነው። በትምህርት ቤቶችና በባህል አዳራሾች ግድግዳ ላይ ይህ ዘወትር የሚታይ ችግር ነው። መብራቱ ከላይ በሰያፍ፣ ወደ 45 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን እንዲያርፍ ማድረግ፣ ከምስሉ ትይዩ ያለውን ግድግዳም በጥቁር ወይም በደብዛዛ ቀለም መተው መፍትሔው ነው። ሰቃዩ ይህን ካላደረገ ጥፋቱን በወረቀቱ ላይ ማላከክ አይችልም። ደግሞም ሁሉም ምስል አንጸባራቂ ገጽ አይፈልግም። በማለዳ ጉም የተነሣ መንደር፣ በለስላሳ ብርሃን የተነሣ የአሮጊት ፊት፣ ጥቁር የሌለበት ምስል ሁሉ፣ በለዘበ ገጽ ላይ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ያተርፋል። የቤት አጣቢዎች መካከል አንጸባራቂን እንደ ክብር ምልክት ቆጥረው ለየትኛውም ምስል የሚሹ አሉ። እነርሱም ከፋብሪካው ባላነሰ ስለ ምስሉ ሳያስቡ ወስነዋል። ለአጣቢው የሚያስፈልገው ምርጫው ነው፤ ለጉሙ አንድ፣ ለቀዩ ጣሪያ ሌላ ገጽ ማንሣት መቻሉ ነው።

ምርጫው ተሟጦ አላለቀም። ለማጠቢያ ቤቶች የሚሠራው ጥቅል በአንጸባራቂ ገጽ ይገኛል፤ 20.3 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከ80 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው አንድ ጥቅል ከ300 በላይ ባለ 25.4 ሴንቲ ሜትር ቁራጮች ይወጡታል። ለአንድ ሰው ይበዛል፤ ሦስት አራት ሆነው ለሚገዙት ግን የአንዱ ቁራጭ ዋጋ ተቆርጦ ከሚሸጠው በእጅጉ ይቀንሳል። ከአንድ ጥቅል የወጣ ወረቀት ሁሉ ጠባዩ አንድ ስለሆነ ለመጀመሪያው የተገኘው የማጣሪያ ሚዛን ለመጨረሻውም ቅርብ ነው፤ በየፓኮው አዲስ ሙከራ ማድረግ ይቀራል። ወረቀቱ ለሌዘር የተቀመረ ስለሆነ በማጉያ መሣሪያ ሲሠራበት የጥቁርና የነጩ ንፅፅር እንደሚበረታ የሠሩበት ይናገራሉ፤ በለስላሳ ብርሃን ለተነሣ ኔጌቲቭ ይህ በረከት ነው፣ በቀትር ፀሐይ ለተነሣው ግን ፈተና ነው። ሙቀት ወረቀቱን ስለሚያደበዝዘው የቀረው በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ከመከፈቱ በፊትም ሰዓታት አስቀድሞ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ሊይዝ ይገባል፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

መቁረጡ የሚከናወነው በፍጹም ጨለማ ነው። ለጥቁርና ነጭ ወረቀት የሚበራው ቀይ መብራት እዚህ አይሆንም፤ ባለ ቀለም ወረቀት ቀዩንም ያያል። ሠራተኛው አስቀድሞ በብርሃን ጠረጴዛው ላይ በ25.4 ሴንቲ ሜትር ርቀት ጣት የሚያቆም ጣውላ ይቸነክራል፤ መቁረጫውን፣ ጥቁሩን ከረጢት፣ ሳጥኑን በየቦታቸው ያኖራል፤ መብራቱን አጥፍቶም እጁን ያለማምዳል። ጥቅሉ ሲፈታ ብርሃን ተቀባዩ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ የዞረ ነው። ተቆርጦ ከወደቀ በኋላ የተምታታ እንደሆነ ግን ጣት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱም ፊት ፕላስቲክ ነው፣ ሁለቱም ይለሰልሳል። ያን ጊዜ ሠራተኛው የወረቀቱን አንድ ማዕዘን በረጠበ ከንፈሩ ይነካል። ጄላቲኑ ያለበት ወገን ጥቂት ይጣበቃል፤ ሌላኛው አይጣበቅም። ከዚያ ቁራጩን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በሳጥኑ ውስጥ ያኖርና ጥቅሉን እንደገና እስከ ጣውላው ድረስ ይስባል።